የመርከበኛው ፎቶግራፍና የቦነያ ሌሊት

ባለፈው ክረምት ከእንግሊዝ አገር አንድ ፖስታ ደረሰኝ። ላኪው በዩኒቨርሲቲ አብረን የተማርን ወዳጄ ነው። ፖስታውን ስከፍት ከደብዳቤው ጋር በወፍራም ወረቀት ላይ የታተመ፥ የፖስታ ካርድ የሚያህል ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ወጣ። ጠርዙ በዕድሜ ብዛት ወይቧል። በአራቱም ማዕዘን ሙጫ የነካው ምልክት ስላለበት ከአልበም የተነቀለ መሆኑ ያስታውቃል። በሥዕሉ ላይ ያለችው ባለ ሦስት ጢስ ማውጫ የጦር መርከብ ናት።

ወዳጄ በደብዳቤው «ከአሮጌ ዕቃ ገበያ በጥቂት ገንዘብ ገዛሁት፤ አንድ መርከበኛ ለመታሰቢያ ያኖረው ሳይሆን አይቀርም። የመርከቢቱን ስም ስታነብ ለምን ለአንተ እንደ ላክሁት ይገባሃል» ብሎኛል። ከሥዕሉ ግርጌ የታተመውን አነበብሁ፤ «ኢንተርፕራይዝ» ይላል። ጀርባውን ገልብጬ አየሁ፤ ባዶ ነው። ያ መርከበኛ ስሙንም ሆነ ቀኑን አልጻፈበትም።

እኔ በነቀምቴ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ነኝ። ስለዚህ ስሙን ሳነብ ወዳጄ ያሰበው ወዲያው ገባኝ። በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከጅቡቲ ተቀብላ ወደ ስደት የወሰደች መርከብ ይህቺው ናት።

በማግሥቱ ፎቶግራፉን ይዤ ወደ ክፍል ገባሁ። ተማሪዎቼ እጅ በእጅ ተቀባበሉት። አብዛኞቹ ባሕር አይተው የማያውቁ ልጆች ናቸው፤ እኔም ብሆን ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ይህን የሚያህል ብረት እንዴት አይሰጥምም?» የሚል ጥያቄ ከየወንበሩ ተነሣ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ዝምተኛ ልጅ ግን እጁን አውጥቶ፥ «መምህር፥ አካኮ ቤትም እንዲህ ያለ ሥዕል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል» አለኝ። አካኮ ያለው አያቱን ነው።

በቡርቃ ጃቶ ያገኘናቸው መርከበኛ

ቡርቃ ጃቶ በነቀምቴ ከተማ የሚገኝ ሠፈር ነው። ቡርቃ በኦሮምኛ ምንጭ ማለት ነው። የምንጭ ስም በያዘ ሠፈር፥ ከባሕር ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀው የሚኖሩ የባሕር ሰው አገኛለሁ ብዬ አልገመትሁም ነበር። ልጁ እየመራ ከአያቱ ቤት አደረሰኝ። ሽማግሌው ወገባቸው ያልጎበጠ፥ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ፥ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ከግድግዳው ላይ በመስተዋት የተከበበውን ፎቶግራፍ አውርደው በጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

የእርሳቸው መርከብ «ኢትዮጵያ» የምትባለው ናት። በአሜሪካ በ1942 እ.ኤ.አ. ወደ ውኃ የወረደችና ቀድሞ «ኦርካ» ትባል የነበረች መርከብ ስትሆን፥ በ1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ተሰጥታ በምፅዋ የጦር ሠፈር ዋናይቱ መርከብ ሆነች። ሽማግሌው ከወለጋ ወጥተው በሃያ ዓመታቸው ገደማ በባሕር ኃይል ተቀጠሩ። በየዓመቱ በምፅዋ በሚከበረው የባሕር ኃይል ቀን የእንግሊዝ፥ የአሜሪካ፥ የፈረንሳይና የሶቪየት ኅብረት መርከቦች ጎን ለጎን ሲቆሙ አይተዋል። ያቺ «ኢትዮጵያ» በ1983 ዓ.ም. ከጦርነቱ ሸሽታ ወደ የመን ተሻገረች፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ለብረታ ብረት ተሸጠች።

የእኔን ፎቶግራፍ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

«ይቺ ፈጣን ናት» አሉ። «ቅርጽዋን ተመልከት፤ እንደ ጦር ቀጭን ናት። ከፊት ያለው የሚዞር የብረት ቤት ነው፤ ሁለት መድፍ አብረው ከውስጡ ይወጣሉ። እነዚህ በጎንዋ የተንጠለጠሉት ደግሞ ጀልባዎች ናቸው።»

«አባባ፥ መርከበኛ የመርከቡን ፎቶግራፍ ለምን ይገዛል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ጥቂት ፈገግ አሉና፥ «አንተ ልጄ፥ ወታደር ለእናቱ ፎቶግራፍ ሲልክ ጠመንጃውን ይዞ ይነሣል፤ ገበሬም በሬውን ይወዳል። እኛ ቤታችን መርከቡ ነው። እናቴ ባሕር አታውቅም። የት እንደማድር ስትጠይቀኝ በቃል ባስረዳት አልገባትም። ይህን ፎቶግራፍ ስልክላት ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ አሳየች» አሉኝ።

በእንግሊዝ ባሕር ኃይልም ነገሩ ከዚህ አይለይም ነበር። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በነበሩት ዓመታት በፕሊመዝ፥ በፖርትስመዝና በማልታ ወደቦች ፎቶግራፍ የሚያነሡ ነጋዴዎች ነበሩ። መርከብ ሲገባና ሲወጣ አንሥተው፥ በፖስታ ካርድ መጠን አትመው ለመርከበኞቹ ይሸጡላቸዋል። ወደ ሩቅ ባሕር የተላከ መርከበኛ አገሩን ሳያይ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆይ ስለ ነበር፥ አንዱን ካርድ ለእናቱ ወይም ለእጮኛው ይልካል፤ አንዱን ደግሞ በአልበሙ ይለጥፋል። በእኔ እጅ የገባው ካርድ ማዕዘኑ ሙጫ ስላለበት ከአልበም የወጣው መሆን አለበት።

ኢንተርፕራይዝ ምን ዓይነት መርከብ ነበረች?

ኢንተርፕራይዝ «ክሩዘር» ከሚባሉት የጦር መርከቦች ወገን ናት። ክሩዘር እንደ ትልቁ የጦር መርከብ የብረት ልብሱ ወፍራም አይደለም፤ ነገር ግን ፈጣን ስለ ሆነ የንግድን መንገድ ለመጠበቅና ወደ ሩቅ ወደብ ለመላክ ይመቻል። እርስዋም በስኮትላንድ፥ በክላይድ ወንዝ ዳር በነበረው በጆን ብራውን የመርከብ ፋብሪካ ተሠርታ በታኅሣሥ 1912 ዓ.ም. ወደ ውኃ ወረደች። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አብቅቶ ስለ ነበር ግን የሚያጣድፍ ነገር ጠፋ፤ ሥራዋ ተጠናቅቆ ለአገልግሎት የበቃችው ከስድስት ዓመት በኋላ በ1918 ዓ.ም. ነው።

ክብደቷ ወደ 7,500 ቶን፥ ርዝመቷ ወደ 174 ሜትር ይደርሳል። አፈ ሙዛቸው 152 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰባት መድፎችና 16 የቶርፔዶ ማስወንጨፊያዎች ነበሯት። በሙሉ ኃይሏ ስትሄድ 33 ኖት፥ ማለት በሰዓት 61 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች። ሽማግሌው ያመለከቱኝ ባለ ሁለት መድፍ የሚዞር ቤት በዚያ ዘመን አዲስ ነገር ነበር፤ በኢንተርፕራይዝ ላይ ተሞክሮ ኋላ በተሠሩት የእንግሊዝ ክሩዘሮች ላይ የተለመደ ሆነ። በውስጧ ወደ 570 የሚሆኑ መኰንኖችና መርከበኞች ይኖራሉ። የእኛ ባለ ፎቶግራፍ ከእነዚህ አንዱ መሆን አለበት።

የሚያዝያ ቀኖች

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው የተደረገው ጦርነት ለኢትዮጵያ አልቀናም። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ እንደ ተመለሱ ከመኳንንቱ ጋር ተማከሩ። የቀረበው ጥያቄ ከባድ ነበር። መንግሥት ወደ ምዕራብ፥ ወደ ጎሬ ተዛውሮ ይዋጋ ወይስ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ጄኔቫ ሄደው በመንግሥታት ማኅበር ፊት ይከራከሩ? ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያትን የመሳሰሉ ሰዎች ከአገር መውጣቱን አጥብቀው ተቃወሙ። ብዙዎቹ ግን መሄዱን ደገፉ። በሽሬ ግንባር የተዋጉት ራስ ዕምሩ እንደራሴ ሆነው በአገር ውስጥ እንዲቀሩ ተወሰነ፤ በጎሬም በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የሚመራ ጊዜያዊ መንግሥት ቆመ።

ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ ሰባቸውና ከመኳንንቶቻቸው ጋር በባቡር ጅቡቲ ደረሱ። ሚያዝያ 26 ቀን በኢንተርፕራይዝ ተሳፈሩ። በማግሥቱ፥ ሚያዝያ 27 ቀን፥ የማርሻል ባዶልዮ ጦር አዲስ አበባ ገባ። መርከቢቱም ቀይ ባሕርን ወደ ሰሜን ተጉዛ፥ የስዊዝን ቦይ አልፋ ሚያዝያ 30 ቀን በሐይፋ ወደብ መልሕቋን ጣለች። ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው ጥቂት ጊዜ ቆዩ። ኋላም «ኬፕታውን» በምትባል ሌላ የእንግሊዝ ክሩዘር እስከ ጅብራልታር ተጓዙ፤ ከጅብራልታር ግን የተሳፈሩት «ኦርፎርድ» በምትባል የመንገደኞች መርከብ ነው። እንደ ማንኛውም መንገደኛ በንግድ መርከብ ቢደርሱ የእንግሊዝ መንግሥት ለአንድ ንጉሠ ነገሥት የሚገባውን የክብር አቀባበል ከማድረግ ይድናል። ግንቦት 26 ቀን ሳውዝሃምፕተን ገቡ።

እዚህ ላይ ፎቶግራፉን እንደ ገና ብንመለከተው አንድ ነገር ያሳስባል። ሰባቱ መድፎች ግርማ አላቸው። ነገር ግን ያ ሁሉ መድፍ ስለ ኢትዮጵያ አንድ ጊዜ እንኳ አልተኮሰም። የመንግሥታት ማኅበር በኢጣልያ ላይ የንግድ ማዕቀብ ቢጥልም ነዳጅን አልጨመረበትም፤ የስዊዝም ቦይ ለኢጣልያ መርከቦች ክፍት ነበር። ኢንተርፕራይዝ ንጉሠ ነገሥቱን ይዛ ወደ ሰሜን ባለፈችበት ውኃ ከወራት በፊት የኢጣልያ ወታደርና መድፍ በመርከብ ተጭኖ ወደ ደቡብ አልፏል። ለቦዩ የሚገባውን ቀረጥ እስከ ከፈለ ድረስ የከለከለው አልነበረም።

ፎቶግራፍ ያላነሣው ሌሊት

በሐይፋ ወደብ ንጉሠ ነገሥቱ ከመርከቡ ሲወርዱ የዓለም ጋዜጦች ፎቶግራፍ አንሺዎች ቆመው ይጠብቁ ነበር። የዚያን ቀን ሥዕል ዛሬም ማግኘት አይቸግርም። በዚያው ዘመን በእኛ በወለጋ የተደረገውን ግን ያነሣ ካሜራ አልነበረም።

ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶችና በውጭ አገር የተማሩ ኢትዮጵያውያን አዲስ አበባ ከተያዘ በኋላ ወደ ምዕራብ ሸሽተው «ጥቁር አንበሳ» የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። በእንግሊዝ አገር የእንስሳት ሕክምና የተማሩት ዶክተር ዓለም ወርቅ በየነ ሊቀ መንበራቸው ነበሩ። ማኅበሩ ዐሥር አንቀጽ ያለው ደንብ ነበረው። አባላቱ አብዛኛዎቹ ወጣቶች ነበሩ፤ እንደ ዛሬው የኮሌጅ ተማሪ ወይም ገና ሥራ እንደ ያዘ ጸሐፊ ያሉ ማለት ነው።

ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ሦስት የኢጣልያ አውሮፕላኖች ከነቀምቴ ብዙም በማይርቀው በቦነያ ሜዳ አረፉ። የመጡት የወለጋን ገዥ ደጃዝማች ሀብተ ማርያምን በእጃቸው አስገብተው ምዕራቡን ያለ ውጊያ ለመያዝ ነው። ከመጡት መካከል በምሥራቅ አፍሪካ የኢጣልያ አየር ኃይል ምክትል አዛዥ ጄኔራል ቪንቼንሶ ማልዮኮና አንቶንዮ ሎካቴሊ የተባለው ዝነኛ አውሮፕላን ነጂ ነበሩ። ወሬው ለጥቁር አንበሶች ደረሰ። እነርሱም በዚያው ሌሊት ወደ ቦነያ ገሥግሠው አደጋ ጣሉባቸው፤ አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ፤ ጄኔራሉንና ሎካቴሊን ጨምሮ በሜዳው ያደሩት ተገደሉ። በዚያ ሌሊት ከሜዳው ርቀው የነበሩት አባ ቦሬሎ የተባሉት ካህን ብቻ ተረፉ። በአጸፋውም የኢጣልያ አውሮፕላኖች ነቀምቴን በቦምብ ደበደቡ።

አሁን ቀኑን እናስተያይ። የቦነያ ሌሊት ሰኔ 19 ለ20 አጥቢያ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቫ ቆመው፥ የኢጣልያ ጋዜጠኞች እያፏጩባቸው፥ ያንን ዝነኛ ንግግር ያደረጉት ደግሞ ሰኔ 23 ቀን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ሦስት ቀን ብቻ ነው። የመንግሥታት ማኅበር በዚያው ክረምት ማዕቀቡን ቢያነሣም የወለጋና የኢሉባቦር ትግል ወዲያው አልቆመም። ጥቁር አንበሶች ከራስ ዕምሩ ጋር ሆነው እስከ ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ድረስ ቆይተው በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከብበው ተያዙ። ከየካቲት 12ቱ አደጋ በኋላም ከተማረኩት ወጣቶች ብዙዎቹ ተረሸኑ።

ብዙ ሰው ስለ ሚያዝያ 1928 ሲነሣ ንጉሠ ነገሥቱ መሄድ ነበረባቸው፥ አልነበረባቸውም እያለ ይከራከራል። ክርክሩ በእኔ ክፍልም ይነሣል፤ አልከለክለውም። ግን ተማሪዎቼን አንድ ነገር አስታውሳቸዋለሁ። መርከቢቱ የወሰደችው ንጉሠ ነገሥቱን ነው እንጂ አገሪቱን አይደለም። አገሪቱ ከእናንተ ብዙ የማይበልጡ ልጆች እየተዋጉላት እዚሁ ቀርታ ነበር።

ማን ስሙ ቀረ?

ኢጣልያ በቦነያ የሞቱባትን አልረሳችም። የወርቅ ሜዳልያ ሰጠቻቸው፤ በሲሲሊ ደሴት በኮሚዞ ያለው የአውሮፕላን ማረፊያም ለብዙ ዘመን በጄኔራል ማልዮኮ ስም ተጠርቷል። እንግሊዞችም መርከባቸውን አልረሱም። ኢንተርፕራይዝ በ1942 እ.ኤ.አ. ከሁለት አጥፊ መርከቦች ጋር ሆና፥ በሕንድ ውቅያኖስ ከሰጠሙት ከ«ዶርሴትሺር»ና ከ«ኮርንዎል» 1,122 ሰዎችን አወጣች። በ1943 መጨረሻ «ግላስጎው» ከምትባለው ክሩዘር ጋር ሆና በቢስኬይ ባሕር ሦስት የጀርመን የጦር መርከቦችን አሰጠመች፤ በ1944 በኖርማንዲ ዳርቻ ተኩሳለች። በ1946 ለብረታ ብረት ተሸጣ ተፈታች። መርከቢቱ ብትጠፋም ፎቶግራፏ ቀርቷል፤ እነሆ ነቀምቴ ድረስ መጥቷል።

በቦነያ የተዋጉትን ወጣቶች ግን አሥር ያህሉን እንኳ በስም ጥሩ ብንባል ስንቶቻችን እንችላለን?

ይህን ሁሉ ለሽማግሌው ካወራሁላቸው በኋላ ዝም ብለው ቆዩ። ቀጥለው የራሳቸውን ፎቶግራፍ ከመስተዋቱ አውጥተው ገለበጡት። ጀርባው እንደ እንግሊዙ ካርድ ባዶ ነው። በፊት ለፊቱ ከመርከቢቱ ወለል ላይ ዐሥራ አንድ ወጣቶች ነጭ ልብስ ለብሰው ተሰልፈዋል። ሽማግሌው ጣታቸውን ከአንዱ ወደ አንዱ እያሳለፉ ይጠሩ ጀመር። የጎጃሙ፥ የሐረሩ፥ የአሥመራው፥ የጊምቢው ልጅ እያሉ ሰባቱን ጠሩ። ስምንተኛው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ይህ አልጋው ከአልጋዬ በላይ ነበር» አሉ። «ሲያንኮራፋ በእግሬ እገፋው ነበር። መልኩን እንደ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ስሙን ግን... ጠፋኝ።»

የልጅ ልጃቸው ቀና ብሎ አየኝ። ከደብተሩ መካከል እርሳስ አውጥቶ፥ «አካኮ፥ የሚያስታውሱትን እንጻፈው» አላቸው። እርሳቸው እየተናገሩ እርሱ ጻፈ፤ ሰባት ስም፥ የመርከቢቱ ስም፥ ምፅዋ፥ ዓመተ ምሕረቱ። ለአራቱ ባዶ ቦታ ተወላቸው።

አንባቢዎቼ ሆይ፥ አብዛኞቻችሁ ተማሪዎች ወይም በየመሥሪያ ቤቱ ገና ሥራ የጀመራችሁ ወጣቶች ናችሁ። ለበዓል ወይም ለዕረፍት ወደ ቤተ ሰባችሁ ስትሄዱ በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን፥ በሳጥን ውስጥ የተቀመጠውን ፎቶግራፍ አውርዱ። ከአያታችሁ አጠገብ ተቀመጡና እያንዳንዱን ሰው እያመለከታችሁ ጠይቁ። ይህ ማነው? የት ነው? መቼ ነው? መልሱን በለስላሳ እርሳስ፥ ሳትጫኑ፥ በጀርባው ጻፉት፤ ቀለም ወደ ፊቱ ሰርጎ ሥዕሉን ያበላሸዋልና። ለዚህ ሥራ ገንዘብም ሆነ ሹመት አያስፈልግም። ነገር ግን ለነገ የሚባል አይደለም፤ ስምንተኛው ሰው ባለፈው ዓመት ቢጠየቅ ኖሮ ምናልባት ስሙ ይገኝ ነበር።

እኔም ማታ ቤቴ ገብቼ የእንግሊዙን ካርድ ገለበጥሁና በእርሳስ ጻፍሁበት። «ኢንተርፕራይዝ። ሚያዝያ 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጅቡቲ የተሳፈሩባት መርከብ። ከሁለት ወር በኋላ የወለጋ ወጣቶች በቦነያ ተዋጉ።» ከሥሩም ለመርከበኛው ስም አንድ መሥመር ባዶ ተውሁለት።